የባንዱ መሪ ጄምስ ሪስ ዩሮፕ

የማርሽ ባንድ በአደባባይ ሲያልፍ ቆሞ ያላየ የለም። ጥሩምባው፣ ትሮምቦኑ፣ ክላሪኔቱና ከበሮው እንደ አንድ ሰው ሲተነፍሱ ይሰማሉ። ስለዚህም ተጫዋቾቹ ሁሉ ከአንድ ቤት የወጡና በአንድ አስተማሪ እጅ ያደጉ ይመስሉናል። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲያ አይደለም። ጠጋ ብለን ብንጠይቅ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ አንዱ ከጭፈራ ቤት፣ ሌላው ከወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የመጣ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ኖታ እንደ ጋዜጣ ያነባል፤ ሌላው ደግሞ አንዲት መስመር ሳያነብ የሰማውን ሁሉ ይጫወታል።

በዛሬው ገጻችን ሕይወቱን የምንተርከው ጄምስ ሪስ ዩሮፕ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሰብስቦ በዘመኑ እጅግ ከተደነቁት የጦር ሠራዊት ባንዶች አንዱን ያቋቋመ ሰው ነው። የአባቱ ስም የአህጉር ስም ቢሆንም ሰውዬው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ታሪኩን የመረጥንበት ምክንያት ሙዚቀኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነገ ክፍል የምንገባም ሆንን ዛሬ በማስተማር ላይ ያለን ሁሉ የሚገጥመን አንድ ጥያቄ በሕይወቱ ውስጥ ስላለ ነው። ዝግጅታቸው የተለያየ ሰዎችን አንድ ላይ ይዞ እንዴት ወደ አንድ ግብ ማድረስ ይቻላል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

ጄምስ የተወለደው በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1880 በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በአላባማ፣ ሞቢል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ያን ጊዜ የባርነት ሥርዓት በአገሪቱ በሕግ ከቀረ ገና 15 ዓመቱ ነበር። አባቱ ሄንሪ ራሳቸው በባርነት የተወለዱ ናቸው። እናቱ ሎሬን ግን ከነፃ ጥቁሮች የተወለዱ፣ ፒያኖ የሚችሉ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸውን ሙዚቃ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ አስተማሪ እናት ናት የሚባለው በዚህ ቤት በእርግጥም እውነት ሆኗል።

ጄምስ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። በዚያ ሠፈር አቅራቢያ የማርሽ ሙዚቃ ንጉሥ የሚባለው ጆን ፊሊፕ ሱዛ ይኖር ነበር። ሱዛ የሚመራው የአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ባንድም በከተማው ዝነኛ ነበር። ከባንዱ ሰዎች አንዱ የሆነው ኤንሪኮ ሁርሌ ትንሹን ጄምስን ቫዮሊን አስተማረው። በ14 ዓመቱ ለሙዚቃ ድርሰት ውድድር ቀርቦ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣችው ማን እንደሆነች ብንጠየቅ መልሱ ያስቃል፤ የገዛ እኅቱ ሜሪ ናት።

እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ከጅምሩ ሁለት ዓይነት ትምህርት አግኝቷል። አንደኛው በቤቱና በወገኖቹ ቤተ ክርስቲያን በጆሮ የሰማው ነው። ሁለተኛው በኖታ የተጻፈው የአውሮፓ ሙዚቃ ነው። ኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው።

ኖታ የሚያነቡና የማያነቡ

ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ሥራ ፍለጋ ኒው ዮርክ ገባ። ቫዮሊኑን ይዞ ቢዞርም የሚቀጥረው አላገኘም። በምሽት ቤቶች የሚፈለገው ፒያኖና ማንዶሊን ነበርና መሣሪያ ለውጦ እንጀራውን ማብሰል ጀመረ። ቀስ በቀስ ግን የጥቁር ተዋንያን የሙዚቃ ቲያትሮችን ባንድ ለመምራት በቃ።

በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ የጥቁር ሙዚቀኛ ኑሮ እንደ ቀን ሠራተኛ ነበር። ባለጠጎች ለግብዣቸው ይጠሩታል፤ ከጨዋታው ሌላ ሳህን እንዲያነሣ የሚያዙትም ነበሩ፤ ክፍያውም እንደ ጠሪው ፈቃድ ነው። ዩሮፕ በ1910 ጓደኞቹን አስተባብሮ ክሌፍ ክለብ የተባለውን ማኅበር አቋቋመና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ማኅበሩ ሙዚቀኛ የሚፈልግ ሁሉ በአንድ በር እንዲመጣና ተገቢውን ዋጋ እንዲከፍል አደረገ።

በማኅበሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዝግጅት ግን እንደ መልካቸው ልዩ ልዩ ነበር። ጥቂቶቹ በኮንሰርቫቶሪ የተማሩ ናቸው። ብዙዎቹ ቀን ቀን ፀጉር አስተካካይ፣ የሆቴል አስተናጋጅ ወይም ተሸካሚ ሆነው የሚሠሩ፣ ማታ ማታ የሚጫወቱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኖታ የማያነቡ ጥቂት አልነበሩም። ዩሮፕ አላባረራቸውም። አንባቢዎቹ ከወረቀቱ፣ የማያነቡት ደግሞ ከአጠገባቸው ካለው ሰው በጆሮ ተቀብለው እንዲያጠኑ አደረገ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፒያኒስቱ ዩቢ ብሌክ ኋላ እንደ ተረከው፣ ኖታ አንባቢዎቹም ቢሆኑ በነጮች ግብዣ ላይ ወረቀት አይዘረጉም ነበር። ነጩ አድማጭ ጥቁር ሰው ሙዚቃ የሚችለው በተፈጥሮው እንጂ በትምህርት አይደለም ብሎ ማመን ይወድ ስለነበር፣ ሰዎቹ አዲሱን ዘፈን ሁሉ ቤታቸው በቃል አጥንተው ይሄዱና ምንም እንዳልተማሩ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ሰው ተምሮ እንዳልተማረ መምሰል እንጀራው ሲሆንበት ምን ያህል እንደሚመር አንባቢያችን ይፍረድ።

በሜይ 2 ቀን 1912 ክሌፍ ክለብ በካርኔጊ አዳራሽ ታላቅ ኮንሰርት አቀረበ። ከመቶ በላይ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ቼሎና ከበሮ ነበር፤ ፒያኖው ብቻ አሥር ያህል ነው። ገቢው የዋለው በሐርለም ለጥቁር ልጆች ሙዚቃ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ይህን ለመምህራን ማስታወስ ተገቢ ይመስለናል፤ የስሙ መነሻ የሆነው ያ ምሽት ለትምህርት ቤት መዋጮ የተደረገ ዝግጅት ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ የእሱ ኦርኬስትራ ቪክተር ለተባለው ኩባንያ ሸክላ ቀረጸ። በዚያን ጊዜ ይህ ለጥቁሮች ባንድ ያልተለመደ ዕድል ነበር።

አርባ አራት ሰው ከየት ይምጣ?

በ1916 ዩሮፕ በሐርለም በተቋቋመው የጥቁሮች ክፍለ ጦር፣ በ15ኛው የኒው ዮርክ ብሔራዊ ዘብ ሬጅመንት ተመዘገበ። አዛዡ ኮሎኔል ዊልያም ሄይዋርድ ዝናውን ያውቅ ስለነበር፣ በሠራዊቱ ውስጥ አቻ የሌለው ባንድ አቋቁምልኝ አለው። ዩሮፕ ማመንታቱ አልቀረም። ደንቡ ለአንድ ባንድ የሚፈቅደው 28 ሰው ነው፤ እሱ የሚፈልገው ግን ቢያንስ 44 ነው። በዚያ ላይ ጥሩ ተጫዋች በወታደር ደመወዝ አይመጣም። ኮሎኔሉ ከአንድ ባለጠጋ ወዳጁ 10,000 ዶላር አሰባስቦ ችግሩን ፈታለት። ሰው ፍለጋውም ተጀመረ።

አሁን እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከየት ከየት ነው የመጡት?

አንደኞቹ የሐርለም ልጆች ናቸው። በምሽት ቤትና በዳንስ አዳራሽ ያደጉ፣ ራግታይም የሚባለውን ምት የሚሰብር ሙዚቃ በደማቸው የያዙ ናቸው። ጆሯቸው ስል ነው። ከኖታ ጋር ግን ሁሉም እኩል አይተዋወቁም።

ሁለተኞቹ በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ ከነበረው የጄንኪንስ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የወጡ ናቸው። ማሳደጊያውን በ1891 የመሠረቱት ቄስ ዳንኤል ጄንኪንስ ከሕዝቡ አሮጌ መሣሪያ ለምነው፣ አስተማሪ ቀጥረው ልጆቹን ባንድ አደረጓቸው። ልጆቹ በየመንገዱ ዳር እየተጫወቱ ለማሳደጊያው ቀለብ ያሰባስቡ ነበር፤ እስከ ለንደን ድረስም ሄደዋል። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲሰማ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው ትዝ ይሉት ይሆናል። ጥሩምባ በሁለቱም ቦታ የሙት ልጅ መተዳደሪያ ሆኖ ነበርና። የዩሮፕ ረዳት ባንድ መሪ የነበረው ፍራንሲስ ዩጂን ሚኬልም የዚያው የቻርልስተን ሰው ነው። ከዚያ በፊት በደቡብ በሚገኙ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ያስተምር ነበር።

ሦስተኞቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ዩሮፕ ክላሪኔትና ሌላ የሸምበቆ መሣሪያ የሚችል ሰው በኒው ዮርክ አጥቶ ተቸገረ። ስለዚህ በ1917 የፀደይ ወራት በመርከብ ወደ ካሪብያን ባሕር ደሴት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደ። በዚያ እያንዳንዱ ከተማ በአደባባዩ የሚጫወት የራሱ ባንድ ነበረው። ልጆች ኖታ ማንበብ ከመሣሪያው ጋር አጥብቀው ይማራሉ። ዩሮፕ ጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ አሥራ ስምንት ያህል ተጫዋቾች አገኘ። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች የአሜሪካ ዜግነት የተሰጣቸው በዚያው ዓመት በማርች ወር ነበርና ለውትድርና መመዝገብ ይችሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የአጉዋዲያው ተወላጅ ራፋኤል ኤርናንዴዝ ነው። ኋላ በላቲን አሜሪካ ሁሉ የሚዘፈኑ ዘፈኖችን የደረሰው እሱ ነው።

ከእነዚህም ሌላ ከቺካጎና ከሌሎች ከተሞች የተጠሩ ነበሩ። የከበሮ ጓዱ መሪና ዘፋኙ ኖብል ሲስል የኢንዲያናፖሊስ ልጅ ሲሆን አባቱ ቄስ ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስብስብ በዓይነ ኅሊናህ ተመልከተው። አንዱ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሌላው ቋንቋው ስፓኒሽ ነው። አንዱ ኖታው ላይ ያለውን ብቻ ይነፋል፤ ሌላው ኖታው ላይ የሌለውን ካልጨመረ ደስ አይለውም። አንዱ ለዳንስ፣ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለቀለብ ሲጫወት የኖረ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ምን ዓይነት ድምፅ ይወጣ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የልምምዱ ምስጢር

ዩሮፕ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሁሉንም በየቀኑ በጥብቅ ያለማምዳቸው ነበር። በፖርቶ ሪኮዎቹ በኩል የኖታውን ትክክለኛነት አገኘ። ለሐርለምና ለቻርልስተን ልጆች ደግሞ የለመዱትን ቀለም አልከለከላቸውም፤ ቦታ ቦታ ሰጠው እንጂ። ጥሩምባና ትሮምቦን ነፊዎቹ በመሣሪያው አፍ ላይ ማፈኛ አግብተው፣ ምላሳቸውን እያርገበገቡ፣ አንዳንዱን ድምፅ ከሌላው አጉልተው ይነፉ ነበር። ትሮምቦኑ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከጽሑፍ ውጭ የነበረ የሕዝብ ልማድ ነው። ነገር ግን ሁሉም በየፊናው ሲጨምር ሙዚቃው ገበያ እንዳይሆን፣ ማን የት ላይ እንደሚጨምርና ማን የት ላይ ዝም እንደሚል መወሰን ነበረበት። ዩሮፕ ራሱ እንደ ገለጸው፣ ሰዎቹ ከሚገባው በላይ እንዳያሳምሩ መያዝ የልምምዱ ትልቁ ሥራ ነበር።

ይህ ጥበብ በፈረንሳይ ተፈተነ። ሬጅመንቱ በ1918 መባቻ ብሬስት ወደብ ሲወርድ ባንዱ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። ሕዝቡ መጀመሪያ የራሱን መዝሙር አላወቀውም። ዜማው ያው ነው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ሆነበት። ጥቂት እንደ ተሰማ ነው ነገሩ ገብቷቸው ሰላምታ የሰጡት። ባንዱ በዚያ ክረምት በብዙ የፈረንሳይ ከተሞች እየዞረ ተጫወተ። ኋላም በፓሪስ ዝነኛ ከሆነው ከፈረንሳይ ሪፑብሊካን ዘብ ባንድ ጋር በአንድ ዝግጅት ላይ ተገናኘ። የአንድ ፈረንሳዊ ባንድ መሪ ታሪክም ይነገራል። ኖታውን ከዩሮፕ ለምኖ ወስዶ በራሱ ሰዎች አስሞከረ፤ ድምፁ እንዳሰበው አልሆነለትም። መሣሪያዎቹ የተለዩ መስሎት መጥቶ አንድ በአንድ መረመራቸው። እንደ ማንኛውም መሣሪያ ሆነው አገኛቸው። ልዩነቱ በነፊዎቹ እንጂ በናሱ አልነበረም።

ክብርና ውርደት

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ በገዛ አገራቸው የነበራቸው ቦታ እጅግ ያሳዝናል። ገና ከኒው ዮርክ ሳይነሡ፣ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱ የነጭ ወታደሮች ሰልፍ ሲደረግ አብረው እንዲሰለፉ አልተፈቀደላቸውም። በ1917 መጸው በደቡብ ካሮላይና፣ ስፓርታንበርግ ለሥልጠና ሰፍረው ሳለ፣ ሲስል ጋዜጣ ሊገዛ አንድ ሆቴል ቢገባ ባለቤቱ ኮፍያውን ከራሱ ላይ መትቶ ጥሎ በእርግጫ አባረረው። በስፍራው የነበሩ ወታደሮች በቁጣ ሲነሡ ያበረዳቸውና ደም ሳይፈስ ያስወጣቸው ሌተና ዩሮፕ ነው።

ፈረንሳይ ከደረሱ በኋላም የአሜሪካ ጦር ከነጮቹ ጎን ሊያሰልፋቸው ስላልፈለገ ለፈረንሳይ ጦር አስረከባቸው። የፈረንሳይ ቆብ ደፍተው፣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ይዘው 369ኛ እግረኛ ሬጅመንት በሚል ስም ተዋጉ። ዩሮፕ ባንድ መሪ ብቻ አልነበረም፤ የመትረየስ መኮንን ሆኖ ምሽግ ገብቷል። በ1918 በጋ በመርዝ ጋዝ ተመትቶ ሆስፒታል ተኛ፤ ተኝቶም ዘፈን ደረሰ። ሬጅመንቱ በግንባር 191 ቀን ቆየ። ከወታደሮቹ 170 ያህሉ የፈረንሳይን የጦር መስቀል ኒሻን ተሸለሙ። የሐርለም የሲኦል ተዋጊዎች የሚለው ቅጽል ስምም ተከተላቸው።

በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1919 ያ ሰልፍ የተከለከለው ሬጅመንት ሦስት ሺህ ያህል ሆኖ በኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳና በድል አለፈ። ባንዱ ከፊት ነበር። በነጮቹ ሠፈር የፈረንሳይ ማርሽ እየተጫወተ ሄደ። ሐርለም ሲገባ ግን ሙዚቃውን ወደ ሠፈሩ ዘፈን ለወጠው። እናቶችና ልጆች ሰልፉን ጥሰው የየራሳቸውን ሰው አቀፉ።

ያልተጠበቀው ፍጻሜ

ባንዱ ወዲያው ፓቴ ለተባለው ኩባንያ ሸክላ ቀርጾ በአሜሪካ ከተሞች ጉዞ ጀመረ። በሜይ 9 ቀን 1919 ቦስተን ገቡ። ዩሮፕ ብርድ መትቶት ታሞ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከከበሮ መቺዎቹ አንዱን፣ ኸርበርት ራይትን፣ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ገሠጸው። ወጣቱ ከሌሎቹ ያነሰ ክብር እየተሰጠኝ ነው የሚል ቅሬታ በሆዱ ይዞ ነበርና በድንገት ግሎ በሴንጢ አንገቱ ላይ ወጋው። ቁስሉ መጀመሪያ ቀላል መስሎ ነበር። ዩሮፕ ኮንሰርቱ እንዲቀጥል አዝዞ ወደ ሆስፒታል ሄደ። በዚያው ሌሊት አረፈ፤ ዕድሜው 39 ዓመት ነበር።

በሜይ 13 በኒው ዮርክ የተደረገለት ሕዝባዊ ቀብር ከተማው ለጥቁር ሰው ያደረገው የመጀመሪያው ነው ይባላል። አስከሬኑ በአርሊንግተን ብሔራዊ የጀግኖች መቃብር አርፏል።

ይህን ክፍል ለማሳጠር ፈልገን ነበር፤ ግን ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። የስፓርታንበርግን ቁጣ ያበረደ፣ አርባና ከዚያ በላይ ልዩ ልዩ ሰዎችን ያስማማ መሪ፣ የአንዱን ልጅ ቅሬታ ልክ ሳያውቅ ቀረ። ጥፋቱ የገዳዩ ነው፤ በዚህ ምንም ክርክር የለም። ሆኖም የየሰዉን ችሎታ ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን የየሰዉን ቁስል ማወቅ ሌላ መሆኑን ሞቱ ያስገነዝበናል።

ከእሱ በኋላ

ባንዱ ቢበተንም ትምህርቱ አልተበተነም። ኖብል ሲስል ከዩቢ ብሌክ ጋር ሆኖ በ1921 የጥቁር ደራስያንና ተዋንያን የሠሩትን ታላቅ የሙዚቃ ቲያትር ለብሮድዌይ አበቃ። ራፋኤል ኤርናንዴዝ በ1929 የደሴቱን ድኻ ገበሬ ኀዘን የሚያሰማውን ላሜንቶ ቦሪንካኖን ደረሰ፤ ዘፈኑ እስካሁን የፖርቶ ሪኮ ሕዝብ ሀብት ነው። ፈረንሳይም ያን ዓይነት ሙዚቃ ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም።

ኸርበርት ራይትስ? ፍርዱን ተቀብሎ ታሰረ፤ ከዓመታት በኋላ ተፈቶ ቦስተን ውስጥ ኖረ። በ1930ዎቹ በሠፈሩ ለነበረ አንድ ልጅ ከበሮ ያስተምር ነበር። ያ ልጅ ሮይ ሄይንስ ነው፤ በጃዝ ዓለም ከታወቁት ታላላቅ ከበሮ መቺዎች አንዱ ሆኖ ኖሮ በ2024 በ99 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ መምህሩን የገደለው እጅ እንኳ የተማረውን ለሌላ ማስተላለፉ አልቀረም። በዚህ ላይ ምን እንደምንል አናውቅም፤ አንባቢያን ተወያዩበት።

የጄምስ ሪስ ዩሮፕን ታሪክ ስንደመድም አንድ ነገር ብቻ እንበል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አንዱ ተማሪ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደሉን አንጥሮ፣ አንዱ ከከብት ጥበቃ ዋሽንቱን ይዞ፣ አንዱ በሌላ ቋንቋ አፉን ፈትቶ ይመጣል። ዩሮፕ ሰዎቹን አንድ ዓይነት እስኪሆኑ አልጠበቀም፤ አንድ ዓይነት አድርጎም አላወጣቸውም። እያንዳንዱ ይዞ የመጣውን አወቀ፤ ቦታ ሰጠው፤ ከዚያም ከሁሉም እኩል ትጋት ጠየቀ። ስለዚህ የክፍላችንን ደጅ ስንከፍት መጀመሪያ የምንጠይቀው ልጁ ምን እንደ ጎደለው ብቻ ሳይሆን ምን ይዞ እንደ መጣ ይሁን። ያን ጊዜ ክፍሉ እንደ ባንዱ አብሮ ይተነፍሳል።